«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወደድኩት፤ ሰብለወንጌል ግን ራቀችብኝ

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጨርሼ ሐሳቤ ለሁለት ተከፍሏል። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ሊቀጡ ዘምተው በአመፀኞቹ በነአበጀ በለው የተማረኩበትን ክፍል ሳነብ ፍቅር ሐይቅ ዳር መሸብኝ። የመኳንንቱን ሥርዓት የሚተቸው ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተ ቁጥርማ አንቀጹን ደግሜ ነው የማነበው። አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ያንን ሁሉ በ1958 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ እያሉ ማሳተማቸው ድፍረት ነው።

ፍቅሩ ላይ ስደርስ ግን ልቤ ይቀዘቅዛል። የሰብለ አስተማሪና ወዳጇ በዛብህ ይገባኛል፤ እናቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ልጅ ነው፣ ሴት መውደዱ ራሱ ያስፈራዋል። ሰብለስ? ውበቷና ጨዋነቷ ይነገረኛል። ያ ሁሉ ጠያቂ «በዘር አይመጥነንም» እየተባለ ሲመለስ፣ ዕድሜዋ ሲሄድ፣ እሷ አባቷን በልቧ ምን ትላቸው ነበር? አንድ ቀን እንኳ ስትቆጣ ባያት ብዬ ተመኘሁ። እንደኔ የተሰማው አለ?

የድሮ አድማጭ (አዳማ)
ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። እሱ ሲተርከው ሰብለ ዝም ስትል እንኳ እንባዋ ይሰማኝ ነበር። የፊታውራሪ ልጅ በዚያ ዘመን አባቷን ቀና ብላ ልትናገር? አይታሰብም። ደግሞም ያን ሁሉ ክብር ጥላ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መንገድ የጀመረችው እሷ ናት። ከዚህ በላይ ቁጣ ምን አለ?

መምህር (ሐዋሳ)
እኔ ከጠያቂዋ ጋር ነኝ። ለኔ የመጽሐፉ እውነተኛ ፍቅር መጀመሪያው ላይ ያለው ነው፦ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ውድነሽና ቤቷ ተቀጥሮ የሚያርሰው ቦጋለ። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ ሁለቱም የሚፈሩት ነገር ያላቸው። በዛብህና ሰብለን ያገናኛቸው ትምህርቱ ነው፤ እኔ ግን ከፊደሉ ይልቅ የሚያወሩትን ብሰማ እወድ ነበር።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
መምህር፣ ልክ ብለዋል! ውድነሽ ስትፈራም ስትወድም አብሬያት ነበርኩ። አባባ፣ ሰብለ ጥላ መውጣቷን አልረሳሁም፤ ያነበብኩት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ለዚያ ያበቃትን ግን ከሷ አፍ መስማት ፈልጌ ነበር። የጉዱ ካሳን ግማሽ ያህል እንኳ ብትናገር ኖሮ መጽሐፉን ያለ ቅሬታ ነበር የምዘጋው።