የአረረ ቺዝ ከድስት አልለቅ አለኝ፣ እስከ 11 ሰዓት ድረሱልኝ

ጠያቂ (ደሴ)፦ ወገን ድረሱልኝ! ቺዝ አቅልጠው ዳቦ እየነከሩ የሚበሉበት፣ ከሥሩ እሳት የሚለኮስበት ድስት አለ አይደል፣ ፎንዱ የሚሉት። ከትናንት ማታ የተረፈው ቺዝ ከታች አርሮ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ የፈላ ውሃ እየደፋሁ ብፈትገው እንደ ማስቲካ እየተሳበ ስፖንጁን ዘጋው እንጂ አልለቀቀም። ድስቱ የሰው ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ይወሰዳል። በሽቦ ልፈትገው?

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። ሽቦውን ግን አስቀምጪው። ድስቱ ከምንድን ነው የተሠራው? ሸክላ፣ ብረት ወይስ አልሙኒየም? እሱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ድስት ያሰብራል።

ቦርከና ማዶ፦ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረሽ አፍይው፣ አለቀ።

የወጥ ቤት ሰው፦ ችግሩ የፈላው ውሃ ራሱ ነው። ቺዝ እንደ ወጥ ቅባት አይደለም፤ ስቡ ከወተት ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካው ፕሮቲኑ ይለሰልስና ይሳባል፣ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ቧንቧ ከወረደ ደግሞ እዚያው ቀዝቅዞ ይደነድናል። ያላረረውን ክፍል የሚያስለቅቀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ድስቱ ራሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ሙዪውና 30 ደቂቃ ተይው። ቺዙ ሲጠነክር በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል ግፊው፤ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሳል። ትኩስ ድስት ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ሸክላ ይሰነጠቃል፣ ኢናሜልም (ብረት ላይ የሚለበጠው የሚያብረቀርቅ ቅብ) ይፈነከታል።

ሆጤ፦ ኧረ ያ ከታች የሚቀረው እኮ ቆሻሻ አይደለም! ስዊዞች «ላ ረሊዢየዝ» ብለው ስም አውጥተውለት እየተካፈሉ ይበሉታል።

የወጥ ቤት ሰው፦ ልክ ነህ፣ ግን ቡናማ እያለና ትኩስ ሳለ ነው። አድሮ የጠቆረው ይመራል፣ አይበላም።

ጠያቂ፦ ከባድ ነው፣ ውጩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭና የሚያብረቀርቅ። ሸክላ ነው መሰለኝ።

የጦሳ ልጅ፦ ማግኔት አስጠጊበት። ከያዘው ሸክላ ሳይሆን ኢናሜል የተለበጠ ብረት ነው፤ ምድጃ ላይ ማፍላት ይቻላል። ካልያዘውና ሸክላ ከሆነ እሳት ላይ አትጣጂው፤ ሶዳውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ እዚያው ዘፍዝፊው።

ሰኞ ገበያ፦ አመድና ሎሚ ምን አላት? እናቶቻችን ድስት ያበሩት በአመድ አይደለም እንዴ?

የወጥ ቤት ሰው፦ አመድ ለጥቁር ብረት ድስት ጥሩ ነው። ኢናሜልን ግን ይጭረዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቺዙ የሚጣበቀው ጭረቱ ላይ ነው። ሎሚና አመድ አብረው ሲሆኑ ደግሞ አንዱ የአንዱን ጉልበት ይገድላል። ሶዳና አቼቶም እንዲሁ፤ አረፋው ደስ ይላል እንጂ ሥራ የለውም። በረኪናና አቼቶማ ፈጽሞ እንዳይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጠያቂ፦ ማግኔቱ ያዘ!

የጦሳ ልጅ፦ እሰይ። እንግዲያውስ ቀዝቃዛውን ውሃ ጨርሰሽ የተላጠውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣይ። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጡሽ ቆርቆሮውን አንብቢ፤ እሱ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለበት እዚህ አይሠራም። እሳቱን ከዝቅተኛ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ሶዳ ሲፈላ ይገነፍላልና ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 10 ደቂቃ የሚባለውን 15 አድርጊው። ከዚያ እሳቱን አጥፍተሽ እዚያው እስኪበርድ ተይው፣ በእንጨት ማንኪያ ግፊው፣ መጨረሻ ላይ በላርጎና በለስላሳው የስፖንጅ ገጽ እጠቢው።

ቦርከና ማዶ፦ አልኩ እኮ፣ ቤኪንግ ሶዳ።

የጦሳ ልጅ፦ አልክ ወንድሜ፣ ግን ድስቱ አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ ሶዳው ያጠቁረው ነበር። ለአልሙኒየም የሎሚ ውሃ ነው የሚፈላበት።

ጠያቂ፦ ዳር ዳሩ ለቀቀ፣ አላህ ይስጣችሁ! መሃል ላይ ግን የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ቀርቷል። 9:40 ሆኗል።

የወጥ ቤት ሰው፦ ጊዜ አለሽ። 3 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በ1 ማንኪያ ውሃ እንደ ሊጥ አድርገሽ ጥቁሩ ላይ ቀቢው። እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ 30 ደቂቃ ተይው፣ ከደረቀ አይሠራም። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ክብ ክብ እያልሽ ፈትጊው፣ በጥፍር እንጂ በቢላ አትንኪው።

ሆጤ፦ ለቀቀልሽ?