የአየር ላይ የማዕድን ፍለጋ በሕዝብ ገንዘብ ይሠራ?

መነሻ ጥያቄ፦ በመሬት ስብራቶች (ዓለቱ ተሰንጥቆ በተንሸራተተባቸው መስመሮች) ዙሪያ የሚገኝ ማዕድንን ለመፈለግ ሰፊ ክልልን በአውሮፕላን ማስለካት የመንግሥት ወጪ ሊሆን ይገባል ወይስ ፈቃድ ለሚጠይቁት ኩባንያዎች ይተው?

የጂኦፊዚክስ ባለሙያዋ፦ የመንግሥት ሊሆን ይገባል። ደለል የሸፈነውን ስብራት በእግር የሚዞር ሰው አያየውም፤ ማዕድን ተሸክሞ በስብራቱ ውስጥ ያለፈው ሙቅ ፈሳሽ ማግኔታይትን (ማግኔታዊ የብረት ማዕድንን) ሲያጠፋው ግን ስፍራው በማግኔት ካርታ ላይ ዝቅተኛ ንባብ ያለው ረጅም መስመር ሆኖ ይወጣል። አንድ ኩባንያ በተፈቀደለት ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ ቢለካ፣ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሊያውቅ አይችልም።

የመስክ ጂኦሎጂስቱ፦ እህቴ፣ መስመሩ መታየቱን አልክድም፤ መስመር ግን ማዕድን አይደለም። በካናዳ በካዲላክ ላርደር ሌክ ስብራት ዙሪያ በርካታ የወርቅ ክምችቶች የተገኙት ከዋናው ስብራት በተገነጠሉ ትንንሽ ቅርንጫፎች ላይ ነው። አውሮፕላኑ በ400 ሜትር ልዩነት ሲመላለስ እንዲህ ያሉት ቅርንጫፎች በሁለት በረራዎች መካከል ሊጠፉ ይችላሉ። መሬቱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን የሚለካው የኤሌክትሮማግኔቲክ ልኬትም ቢሆን በስብራት ውስጥ የተፈጨ ግራፋይትን (ጥቁር ካርቦንን) ከብረታ ብረት ሰልፋይድ (ብረታ ብረት ከድኝ ጋር ከተጣመረበት ማዕድን) ለይቶ አይነግረንም፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ቆፋሪው ጥቁር ጭቃ ይዞ ይመለሳል። ከድንጋይና ከአፈር የሚወጣውን የተፈጥሮ ጨረር የሚያነበው የጋማ ጨረር ልኬት ደግሞ በአብዛኛው የሚያነበው የላይኛውን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የጂኦፊዚክስ ባለሙያዋ፦ ኦንታሪዮ ውስጥ ያለው የኪድ ክሪክ መዳብና ዚንክ ፍንጩ የተገኘው ከአየር ላይ አልነበረምን? እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቆፈር ማዕድኑ ተገኘ።

የመስክ ጂኦሎጂስቱ፦ ተገኘ፤ ነገር ግን ያ ክምችት በጥንታዊ የባሕር ወለል ላይ የተፈጠረ እንጂ ስብራት የወለደው አይደለም። ለያዝነው ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም።

የምጣኔ ሀብት ተከራካሪው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ካርታው በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ ጥቂቶች ቀድመው ካዩት፣ ሌላው ወሬውን ሳይሰማ ጥሩ ጥሩው መሬት በፈቃድ ተይዞ ያልቃል። ስለዚህ ጥሬ መረጃው ለሁሉም በአንድ ቀን እንዲለቀቅ በሕግ ካልተደነገገ ወጪውን አልደግፍም። ከመቶ ሜትር በታች የሚበር አውሮፕላን ከብት ያስደነብራልና ነዋሪውም አስቀድሞ ይነገረው።

የጂኦፊዚክስ ባለሙያዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ለወንድሜ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ክልሉ በሙሉ በ400 ሜትር ይለካ፤ ፈሳሹ መተንፈሻ የሚያገኘው ስብራቱ በሚታጠፍበትና ሌላ ስብራት በሚያቋርጥበት ቦታ ስለሆነ፣ እነዚያ ብቻ ተመርጠው በ100 ሜትር ይደገሙ።

የመስክ ጂኦሎጂስቱ፦ ለቁፋሮ ማረጋገጫ የሚሆን ገንዘብ በዚያው በጀት ውስጥ ከተያዘ እደግፋለሁ፤ ካልተያዘ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ።