ከባትሪ እስከ ኋላ ለአምፕ የሚሄደውን ገመድ እንዴት ልዘርጋው?

ዲኤክስ_ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነኝ። የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ፤ ሚዜዎቹን የምይዘው እኔ ነኝ። ለዚሁ ብዬ ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (የባስ ስፒከር) እና አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 1500 ዋት ይላል። አምፑ ጎን ላይ ሁለት ባለ 25 ፊውዝ ተሰክቶበታል።

ቤት ስንሠራ የተረፈ 6 ሚሊ (ሚሊ ሜትር ካሬ) የኤሌትሪክ ገመድ አለኝ፣ ስድስት ሜትር ይሆናል። ከባትሪው ተነስቶ ኋላ ዕቃ መጫኛው ድረስ በደንብ ይደርሳል። አንድ ባለሙያ ጠይቄ «አምፑ የራሱ ፊውዝ ስላለው ሌላ አያስፈልግህም፣ ቀጥታ ባትሪው ላይ እሰረው» አለኝ። እውነት ነው? ገመዱስ ከሞተሩ ወደ ውስጥ በየት ይግባ?

የአዘዞው

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የፊውዙን ነገር እንጨርስ። አምፑ ላይ ያሉት ሁለቱ ፊውዞች የሚጠብቁት አምፑን ነው። ገመዱን አይጠብቁትም። ከባትሪ እስከ አምፕ ያለው ገመድ መንገድ ላይ ተልጦ ላሜራ ከነካ፣ ኤሌትሪኩ አምፑ ጋ መድረስ አያስፈልገውም። በቦዲው አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ፊውዞቹ ምንም ሳይሆኑ ገመዱ ግሎ መኪናው ይቃጠላል።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። በ2008 ክረምት ከደባርቅ ስመለስ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍኩ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ዝናብ ነበር፣ መስኮት ዘግቻለሁ። የሌላ መኪና ፍሬን መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከፔዳሎቹ በላይ ነጭ ጭስ መውረድ ጀመረ። ዳር ይዤ ቁልፉን አጠፋሁ፤ ጭሱ አልቆመም። ገመዱ ቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው፣ ቁልፍ ማጥፋት ምን ያደርግለታል? ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ሞርሴቶ (የገመዱን ማሰሪያ) በእጄ ለመንቀል ታገልኩ፣ አልላላ አለ። መፍቻው ባለ 10 ቁልፍ ነው። እሱ ያለው ኋላ፣ ከጭነቱ ስር። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ቆሞ የራሱን ባይሰጠኝ ኖሮ መኪናዋ እዚያው ቀርታ ነበር።

በኋላ ስንፈታው ነገሩ የአንዲት ቀዳዳ ጉዳይ ነበር። የዘረጋልኝ ሰው ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ በትራፓኖ በስቶ ገመዱን እንዲሁ አሾልኮታል። ጎሚኒ፣ ማለትም ገመዱን ከቀዳዳው ጠርዝ የሚጠብቅ ጎማ፣ የለውም። የተበሳ ላሜራ ጠርዙ ቢላዋ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፕላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ሲበላው ከርሞ መዳቡ ጋ ደርሷል። ከሌላው በኩል ገመዱ ደህና ይመስላል፤ አዙረህ ስታየው ነው የጥፍር ግማሽ የምታህል መዳብ የምታበራው። አምፑ ላይ የነበረው ፊውዝ ሳይበጠስ ነው ያገኘነው። ያኔ ሹፌር ነበርኩ። የመኪና ኤሌትሪክ መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ፊውዝ ባትሪው አጠገብ አድርግ። ከፖዘቲቩ 30 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፣ ከ45 ግን አይለፍ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለችው ቁራጭ ጠባቂ የላትም፣ ለዚህ ነው አጭር የምትሆነው።

ወደ ገመዱ ልምጣ። ካርቶኑ ላይ ያለውን 1500 ዋት እርሳው። ሁለት ባለ 25 ፊውዝ ማለት ቢበዛ 50 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ 13.8 ቮልት ብትይዝ 690 ዋት ይገባል። እንዲህ ያለ አምፕ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከዚህ ውስጥ ድምፅ ሆኖ የሚወጣው 400 ዋት ቢሆን ነው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ለ50 አምፔር 6 ሚሊ ቀጭን ነው። በዚያ ላይ የቤት ገመድ ክሮቹ ጥቂትና ደረቅ ናቸው፤ የተሠሩት ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው እንዲቀመጡ እንጂ እንዲንቀጠቀጡ አይደለም።

ባለ 16 ሚሊ የብየዳ ገመድ ፈልግ። ክሮቹ እንደ ፀጉር የደቀቁ ናቸው፣ እንደፈለግክ ይታጠፍልሃል። ከሞተሩ በኩል ያለውን ክፍል የተሸበሸበ ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው፤ ጎማው ዘይትና ሙቀት አይወድም። ፊውዙን 60 አድርገው።

«4 ጌጅ» ተብሎ ታሽጎ የሚሸጠውን ኪት ከመረጥክ ግን ጫፉን ሳታይ እንዳትገዛ። ትክክለኛ 4 ጌጅ መዳቡ ብቻ 21 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። አንዳንዱ ከውጭ የአውራ ጣት ያህል ወፍሮ ውስጡ እርሳስ ነው የሚያክለው። አንዲቷን ክር በምላጭ ፋቃት። ከቀይዋ ስር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቢሠራም በውፍረት ከፍ ያለውን መውሰድ አለብህ።

ወደ ውስጥ ለማስገባት አዲስ ቀዳዳ አትብሳ። የመኪናው ዋና ሽቦዎች የሚያልፉበት ትልቅ ጎሚኒ አለ፤ እሱን ራሱን በስስ ቀደህ በዚያ አሳልፈው። ከመሪው ዘንግ፣ ከፔዳሎቹና ከጭስ ማውጫው አርቀው። ከዚያ የበሩን ስር ፕላስቲክ አንስተህ ከሞኬቱ ስር ወደ ኋላ ሳበው። ከቴፑ ድምፁን ወደ አምፑ የሚያመጣው አርሲኤ ገመድ ግን በሌላኛው በር በኩል ይሂድ። ጎን ለጎን ከሄዱ የዲናሞው ጩኸት ሊገባበት ይችላል።

ኔጋቲቩን ከግማሽ ሜትር ሳታስረዝም እዚያው ኋላ ቦዲው ላይ እሰረው። ውፍረቱ ከፖዘቲቩ አይነስ። ቡሎን ለማስገባት የምትበሳ ከሆነ መጀመሪያ ከስር ገብተህ እይ። ነዳጅ ታንከሩ እዚያው አካባቢ ነው። የደህንነት ቀበቶውን ቡሎንም አትንካ።

ሥራ ስትጀምር የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ዋናውን ፊውዝ ሁሉም ነገር ታስሮ ካለቀ በኋላ ክተተው።

የማራኪው_ሹፌር

ጋሼ አክብሬዎት ነው፣ ግን ትንሽ አላካበዱትም? እኔ በዚያው በ6 ሚሊ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ምንም አልሆነም። ልጁ ለአንድ ሰርግ ብሎ ያን ሁሉ ወጪ ምን አስወጣው?

የአዘዞው

እንኳን ምንም አልሆነብህ ወንድሜ። የኔም ያን ቀን እስክትጨስ ድረስ ምንም አልሆነችም ነበር። ያንተን መኪና ስላላየሁ አልፈርድም፤ አምፕህ ትንሽ ከሆነ 6 ሚሊ ይበቃው ይሆናል። ግን አሁኑኑ ኮፈንህን ክፈትና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖሩን እይልኝ። ከሌለ ዛሬውኑ ባለ 40 አስገባበት። ከ40 በላይ ግን በ6 ሚሊ ላይ አታድርግ። ሰርጉ አንድ ቀን ነው፣ ገመዱ ግን መኪናው ውስጥ ይኖራል።

ቋረኛዋ

በቁጥር ልደግፋቸው። አንድ ሜትር መዳብ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲሆን 0.0175 ኦም ገደማ ይይዛል። አምስት ሜትር በ6 ሚሊ 0.0146 ኦም ማለት ነው። 50 አምፔር ሲያልፍበት 0.73 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወደ 36 ዋት የሚጠጋ ሙቀትም ሞኬቱ ስር ይለቀቃል። በ16 ሚሊ ግን የሚቀረው 0.27 ቮልት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲናሞህ ስንት አምፔር እንደሆነ አይተሃል? አሮጌ መኪና ላይ 60 ወይም 70 ሊሆን ይችላል። ማታ ፊት መብራቶቹ ብቻ 8 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ቆመህ ድምፁን ከፍ ስታደርግ መብራቱ ከባሱ ጋር ደብዘዝ ካለ ባትሪው እያገዘው ነው፤ እንደዚያ ብዙ አትቆይ።

ዲኤክስ_ጎንደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብየዳ ገመዱን አገኘሁት፣ ባለ 60 ፊውዝም ከነማቀፊያው ገዛሁ። ትናንት ስዘረጋ ዋልኩ። ሞተር አስነስቼ በቴስተር ለካሁ፤ ባትሪው ላይ 14.0፣ አምፑ ላይ ዘፈን እየሄደ 13.7።

ግን ነዳጅ ስሰጥ «ዊዊዊ» የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ነዳጅ ስጨምር አብሮ ይቀጥናል። አርሲኤውን እንዳሉኝ በሌላው በር ነው ያመጣሁት።

የአዘዞው

ኔጋቲቩን ያሰርክበት ቦታ ቀለሙ ተፍቋል? የመኪና ቀለም ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ቡሎኑ ቢጠብቅም በቡሎኑ ጥርሶች በኩል ብቻ ነው የሚነካው። ተርሚናሉ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪወጣ ፋቀው፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ አስገባበት፣ አጥብቀህ ስትጨርስ እንዳይዝግ ከላይ ግሪስ ቀባው።

ዲኤክስ_ጎንደር

አልፋቅኩትም ነበር። አሁን ፋቅኩት፣ ድምፁ ጠፋ! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ወደ ደባርቅ እወጣለሁ፣ እንግዶች የማመጣው ከዚያ ነው።

የአዘዞው

ከመውጣትህ በፊት ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ ብቅ በል። ገንዘብ አልልህም። ጎሚኒዋን በዓይኔ ልያት።