ማታ የወሰንኩትን ጠዋት ለምን እተወዋለሁ?

መርፌና ክር፣ ደሴ
ሰላም ቤተሰብ። ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። ክረምት ላይ ሐኪሟ «ስኳርህ ድንበር ላይ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ» አለችኝ። ማታ ማታ ወስኜ፣ ጫማዬን በር ላይ አስቀምጬ እተኛለሁ። ከሌሊቱ 11:30 ስልኩ ሲጮህ ግን የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ብርድ ልብሱን ስቤ «ነገ» እላለሁ። ጂምም የ3 ወር ከፍዬ 5 ቀን ብቻ ነው የሄድኩት። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጧል። ይህን እያወቅኩ ለምን አልነሳም?

የፒያሳው
አብሽር ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም። ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ ነገር አለ። ሰው አሁን የሚያገኘውን አግዝፎ፣ ቆይቶ የሚመጣውን አሳንሶ ያያል። ፒያሳ ፎቅ ሥር ስትቆም ጦሳ ይጋረድብሃል። ተራራው አላነሰም፣ ፎቁ ቀርቦህ ነው። ማታ ስትወስን የብርድ ልብሱ ሙቀትም ጤናውም ገና ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ ትልቁን መለየት አይከብድህም። 11:30 ላይ ግን ሙቀቱ ደረትህ ላይ ነው፣ ጤናው ገና ዓመታት ይቀሩታል።

በጂሙም አትዘን። ዴላቪኛና ማልሜንዲየር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉ አሜሪካውያን ከመቅረታቸው የተነሳ የሄዱበት አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ወጥቶበታል። የ10 ቀን ትኬት ቢገዙ በቀን 10 ዶላር ይበቃቸው ነበር።

የቦርከናዋ፣ ኮምቦልቻ
እኔን ያስነሳኝ ትረካ ነው። የምወደውን ትረካ ቤት ውስጥ አልከፍትም፤ ወደ ቦርከና ስወርድ ብቻ ነው የምሰማው። ልብ ሰቃዩ ቦታ ላይ ብደርስም ቤት ስገባ አጠፋዋለሁ። በማግስቱ ከአልጋ የሚያወርደኝ ስለ ጤና ማሰብ አይደለም፣ ሰውየው ተያዘ ወይስ አመለጠ የሚለው ነው።

ይህን ኬቲ ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሞክረውታል። ጂም ውስጥ ብቻ የሚሰማ የድምፅ መጽሐፍ ያገኙት ሰዎች መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ 51 በመቶ በልጠው ሄዱ። ከበዓል እረፍት በኋላ ግን ቀዘቀዙ። እኔም ረመዳን ላይ አቋርጬ መመለሱ ከብዶኝ ነበር፤ አዲስ ትረካ ስጀምር ነው የተመለስኩት።

ደግሞ ለምን በሌሊት? ማታ ሱቅ ስትዘጋ ባጃጁን ተወውና በእግርህ ግባ።

ጋሼ ሆጤ
ልጄ፣ ትረካውን በአንድ ጆሮህ ብቻ ስማ። የደሴ መንገድ ጠባብ ነው፣ መኪናው ከኋላ ይመጣብሃል።

መርፌና ክር
3 ሳምንት ሆነኝ፣ ከሱቅ በእግሬ ነው የምገባው። የቀረሁት 4 ቀን ነው። ትናንት እያካፋ ነበር። ደጄ ስደርስ የትረካው ክፍል አላለቀም፤ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቤቴን አልፌ ሌላ ዙር ዞርኩ። ጋሼ፣ በአንድ ጆሮዬ ነው።