አደይ አበባን ነፋስ እያወዛወዘው በቅርበት ያነሳ አለ?

የአጥር ጥግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሱሉልታ ነው፤ ነፋሱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አጥሩ ሥር አደይ ፈክቶልኛል፤ መስከረም ሳያልቅ ከቅርብ ላነሳው ፈልጌ ነበር። ሌንሴ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳ) ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጫለሁ፣ የሌንሱንም ማረጋጊያ አብርቻለሁ። ፎቶው ግን ብዥ ይላል። ጽጌረዳው ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ችግር የለውም። አደይ ግን አንገቱ ቀጭን፣ ትንፋሽ ይበቃዋል። ምን ይሻለኛል?

ማክሮ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ማረጋጊያው የሚይዘው የካሜራውን መንቀጥቀጥ እንጂ አበባውን አይደለም። የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ወደ 1/1000 ሰከንድ ውሰጂው። ከጨለመብሽ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 አድርጊ፤ ትንሽ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚወጣ ነጠብጣብ) ከብዥታ በብዙ ይሻላል።
ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ 1 ለ 1፣ ማለትም አበባው ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ እንዲያርፍ ስታነሺ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጥብበሽው እንኳን ጥርት ብሎ የሚታየው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አበባው ወደ ሌንሱ ጠጋ ወይም ራቅ ካለ፣ ሹተሩ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ፎከሱ ያመልጥሻል። ስለዚህ አትጠጊው። ትንሽ ራቅ ብለሽ አንሺና በኋላ ክሮፕ አድርጊው (ዳር ዳሩን ቁረጪው)። ፎከሱን በእጅ አስተካክዪ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል በተከታታይ ተኩሺ። አንዷ ትወጣለች።
ፍላሽ ካለሽ ደግሞ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ሞክሪው። ኃይሉን ዝቅ ስታደርጊው ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሚሆን አበባውን ቀጥ ያደርገዋል። ፀሐይ ላይ ግን የቀኑ ብርሃን ራሱ ብዥታውን ይመልሰዋል።

ጓሮ ነኝ፦
ይሄ ሁሉ ቁጥር ለምን? ቀጭን እንጨት መሬት ላይ ትከዪና ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ ያዢው፣ ከአበባው ዝቅ ብለሽ። በመቆንጠጫውና በግንዱ መሃል ስፖንጅ አድርጊ፣ አለዚያ ይቀነጠሳል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጃንጥላ ዘርጊ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣሽ ደግሞ ጃንጥላውም ላያስፈልግሽ ይችላል። ብርዱን ግን ቻዪው።

ማክሮ ወዳጅ፦
የመቆንጠጫው ነገር ልክ ነው። እኔ ግን አበባ ማሰር አይሆንልኝም፣ የታሰረ ይመስለኛል።

የአጥር ጥግ፦
ተባረኩ! ፍላሽ የለኝም፣ መቆንጠጫ ሞልቷል። ያለኝ ጃንጥላ ግን ቀይ ነው፣ ይሆናል?

ጓሮ ነኝ፦
ኧረ ተይው! ፀሐይ ካለ ቅላቱን ቢጫው አበባ ላይ ይጥልብሻል። ከጎረቤት ጥቁር ተዋሺ።