«በእግርም ይደረሳል» ላለው ሰውዬ

የልደታዋ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው መኪና ምን ያደርግለታል፣ ታክሲው አለ፣ ባቡሩ አለ፣ አውቶቡሱ አለ፣ ካልሆነም በእግርም ይደረሳል» ሲል ሰማሁት። በጣም ነው የተናደድኩት። ማን ነው በእግር የሚደርሰው? በስንት ሰዓት? ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ኪሎ የሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያወራም።

የፒያሳ ልጅ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? እኔ ከማዘጋጃ ለገሃር በቸርችል በእግሬ ነው የምወርደው፣ አንቺ ተሰልፈሽ ተሳፍረሽ መብራት ላይ ቆመሽ እስክትደርሺ እኔ ደርሼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ከአራት ኪሎ ፒያሳም በራስ መኮንን ድልድይ ቅርብ ነው። ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ ደሞ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ማታም መብራት አለው። ድሮ ጉድጓድ እየዘለልን ስንሄድ ማንም አላማረረም።

የልደታዋ፦ «እወርዳለሁ» ነው ያልከው ወንድሜ። መውጣቱንስ? ሐምሌ ላይ በዝናብ ከለገሃር ፒያሳ ያን ዳገት ልጅ አዝላ የምትወጣውን አስበሃታል? እናቴ ጉልበቷን ታማለች፣ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ሲኖራት «እማዬ በእግርም ይደረሳል» ልበላት?

የኡራኤሉ፦ ባቡሩን ለምን ትረሱታላችሁ? ኡራኤል ገብቼ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ አለቀ። መንገድ ተዘጋጋ አልተዘጋጋ አያገባኝም። በ2008 ሥራ ሲጀምር የሳቀበት ሰው ሁሉ ዛሬ እየተጋፋ ነው የሚገባው።

የፒያሳ ልጅ፦ ለአንተ መስመርህ ላይ ስለሆነ ነው። ከፒያሳ ለገሃር በባቡር ልሂድ ብል እኮ አትክልት ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር፣ ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ ብዬ ከተማውን በምዕራብ ዞሬ ነው ለገሃር የምደርሰው፣ ቸርችል ግን ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦ እኛ ጋ ደሞ ጭራሽ ባቡር የለም፣ ስድስት ኪሎም የለም፣ አራት ኪሎም የለም፣ ቦሌም የለም። ያለውም ቢሆን 41 ባቡር መጥቶ በመለዋወጫ እጦት ስንቱ ቆሞ እንደቀረ ሁላችንም የምናውቀው ነው። «በእግርም ይደረሳል» ለሚለው ደሞ፣ እኔ ከሥራ የምወጣው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። መብራት ያለው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ስልክ ነጣቂ ይጠብቅሃል። ወንዶች ሆናችሁ ይሄን ሳትቆጥሩ አታውሩ።

የፒያሳ ልጅ፦ እህቴ በማታው ትክክል ነሽ፣ እኔ ያወራሁት ስለ ቀኑ ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦ ሰውየው ግን ቀን ብቻ አላለም።

የካሳንቺስ ልጅ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላው ነው። «መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው» ይላል፣ መሀል ማን ቀረና ነው? እኛ ከካሳንቺስ ተነስተን ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነን፣ ሥራችን ግን እዛው መሀል ነው። ድሮ ሱፐርማርኬት፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ሁሉም በእግር ነበር፣ አሁን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ነው የምገባው። በእግር መሄድ የሚያውቀውን ሰው ዳር አውጥቶ ስለ እግር ማውራት ያማል።

የኡራኤሉ፦ የፒያሳ ልጅ፣ አንተስ አሁን የት ነህ?

የፒያሳ ልጅ፦ እዛው ነኝ፣ ከማዘጋጃው ጀርባ። ጎረቤቶቼ ግን ሄደዋል። ስለዚህ ነው የምከራከረው፣ ይሄ ሰፈር በእግር የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ መኪና የሌለው ሰው ነው የሠራው፣ እሱን ካላልን መኪና ያለው ብቻ ነው የሚረከበው።

የካሳንቺስ ልጅ፦ እሱ ላይ ከአንተ ጋ ነኝ። ሰውየው ግን እሱን አላለም።

የልደታዋ፦ እሺ ወደ ታክሲው ልመለስ፣ «ታክሲው አለ» ብሏልና። አራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚል ታፔላ ለጥፎ መጥቶ ረዳቱ «ስታዲየም ብቻ! ስታዲየም ብቻ!» ይላል። ስታዲየም እወርዳለሁ፣ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ሒሳብ። ተራ አስከባሪው አጠገቡ ቆሞ እያየ ዝም።

ባለ ሚኒባስ፦ ሾፌር ነኝ፣ ሁሌ እኛ ላይ ነው የምትጮሁት። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደምንቆም ታውቃላችሁ? አዲሶቹ መንገዶች ላይ እንደ ድሮው ደጃፍ ላይ ማውረድ የለም፣ ካቆምክ ቅጣት ነው። ማታ ከስታዲየም ሜክሲኮ ያለችው ትንሽ መንገድ ስትጨናነቅ የቀረውን መንገድ ሁሉ ያህል ትፈጅብኛለች፣ ለእሷ የሚጨመርልኝ ሒሳብ ደሞ ምንም ማለት አይደለም።

የልደታዋ፦ አየህ፣ ራስህ ተናገርከው። ታሪፉ በርቀት ስለሆነ አጭር አጭሩን ቆርጠህ ሁለት ጊዜ ብታስከፍል ይሻልሃል። ልዩነቱን የምንከፍለው እኛ ነን፣ መኪና የሌለን።

የኡራኤሉ፦ ባቡር ግን አይቆረጥም።

የስድስት ኪሎዋ፦ ወንድሜ እኛ ጋ የለም አልኩህ እኮ!

ባለ ሚኒባስ፦ እህቴ ሳትቆርጥ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ማታ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ስመለስ ባዶ ነኝ። የባዶውን ማን ይከፍለኛል?

የልደታዋ፦ ስትሄድ በ12 ሰው ወንበር ላይ ትርፍ ጭነህ የሰበሰብከውስ የማን ነበር?

ባለ ሚኒባስ፦ እኔ ትርፍ አልጭንም።

የካሳንቺስ ልጅ፦ እኔ ዛሬ ጠዋት ጎማው ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት።