በትንሽ ሞተርሆም ስነዳ ከኋላዬ ያለው አይታየኝም፤ ከስፖኪዮ ልጀምር ወይስ ከካሜራ?

ተጓዡ ከሜሪላንድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን አልፎ አልፎ ከከተማ ለመውጣት እንዲያመቸን፣ በፎርድ ኢ-350 ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ 24 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2006 ሥሪት የሆነ ሞተርሆም በቅርቡ ገዝተናል። «የቤት መኪና» ብዬ እንዳልጽፈው ይህ ስም በአማርኛችን አስቀድሞ ለግል አውቶሞቢል ተሰጥቷል፤ የእኔው ግን በእርግጥም ቤት የተጫነበት መኪና ነው። ችግሬም የመጣው ከዚሁ ቤትነቱ ነው። የኋላው ግድግዳ መስኮት ስለሌለው፣ የውስጡ ስፖኪዮ የሚያሳየኝ የማድቤቱን ቁም ሣጥንና የመጨረሻውን አልጋ ብቻ ነው።

እስካሁን ሁለት ነገር አጋጥሞኛል። አንደኛው፣ ከግቢያችን ወደ ኋላ ስወጣ የጎረቤቴን የፖስታ ሣጥን ከነእንጨቱ ጣልኩት፤ ጎረቤቴ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ሁለተኛው ግን የሚያሥቅ አልነበረም። በፈጣኑ መንገድ ላይ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ቀኝ ልገባ ስል፣ በቀኝ ስፖኪዮ ፈጽሞ ያላየኋት ትንሽ መኪና ክላክስ እያሰማች ከጎኔ ወጣች።

በጥቅምት ወር ቅጠሉ ሲቀላ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የተራራ መንገድ 105 ማይል ነው፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ መንገዱ ራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ቤተሰቦችና ሕፃናት ከሚቆሙባቸው የመመልከቻ ቦታዎች ወደ ኋላ መውጣቱ ነው። ለዚህ ሥራ ሦስት መቶ ዶላር ገደማ መድቤያለሁ። ገንዘቡን በምን ላይ ባውለው ይሻላል? ደግሞስ ካሜራ በሕግ ግዴታ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ጭነት አመላላሹ ከኮሎምበስ

ወንድሜ፣ እንኳን የወደቀው የፖስታ ሣጥን ብቻ ሆነ። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት ባለ 53 ጫማ ተጎታች ነው፤ የውስጥ ስፖኪዮ ቢኖረኝም የሚያሳየኝ የተጎታቹን ግድግዳ ስለሆነ፣ የእርስዎ ጭንቀት ለእኔ የዕለት እንጀራ ነበር።

ጥያቄዎ አንድ ቢመስልም በውስጡ ሁለት ጉዳይ አለ። ወደ ፊት እየነዱ በጎንና በኋላ የሚመጣውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከፓራውልትዎ ሥር ያለውን ማየት ደግሞ ሌላ። የፖስታ ሣጥኑ የሁለተኛው፣ ትንሿ መኪና የመጀመሪያው ናት። ሰው ሁሉ ካሜራ ገዝቶ ሁለቱንም የፈታ ይመስለዋል፤ ትንሿን መኪና የሚያሳይዎት ግን ስፖኪዮ ነው፤ እሱም አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ይስተካከላል።

መጀመሪያ መቀመጫዎን ረጅም መንገድ እንደሚነዱ አድርገው ያስተካክሉ፤ ስፖኪዮ ከተስተካከለ በኋላ መቀመጫ ማንቀሳቀስ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። የእንዲህ ዓይነቱ መኪና የጎን ስፖኪዮ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ ላይኛው ጠፍጣፋ ነው፣ ታችኛው ወደ ውጭ ያበጠ። በጠፍጣፋው ውስጥ የራስዎ መኪና ጎን በውስጠኛው ጠርዝ በኩል የአንድ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ይታይ፤ የተቀረው ቦታ ለመንገዱ ይሁን። ባበጠው ውስጥ የኋላ ጎማዎ አስፋልቱን የሚረግጥበት ቦታና አጠገብዎ ያለው መስመር መታየት አለባቸው። ያበጠው መስታወት ብዙ የሚያሳየው ነገሩን አሳንሶ ስለሆነ፣ ርቀትን በእሱ አይለኩ፤ በትንንሽ መኪኖች የቀኝ ስፖኪዮ ላይ የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት በላይ ቅርብ እንደሆኑ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ የሚታተመው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ይቀመጡና ከልጆችዎ አንዱ ብስክሌት እየገፋ በመኪናው ጎን፣ አንድ መስመር ያህል ርቆ፣ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይለፍ። ከጠፍጣፋው ሲጠፋ ባበጠው መታየት አለበት፤ ካበጠው ሲጠፋ ደግሞ በበሩ መስኮት በዓይንዎ። በመካከል የሚሰወርበት ቦታ ካለ፣ ትንሿ መኪና ተደብቃ የነበረችው እዚያ ነው።

ሌላው፣ ሞተርሆም የሚነዱ ሰዎች አዘውትረው የሚረሱት የጭራው ነገር ነው። ከኋላ ጎማ በስተጀርባ የተንጠለጠለው ረጅም ስለሆነ፣ መሪውን ወደ ግራ ሲሰብሩ የኋላው ጥግ ወደ ቀኝ ይወጣል። ነዳጅ ማደያ ላይ ቢጫ ቀለም ያላቸውን ምሰሶዎች የሚቧጥጡት በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ ሜዳ ፈልገው በጠመኔ ይለኩት።

ኤሌክትሪሺያኑ ከሲያትል

ከላይ የተጻፈው የብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የሦስት ልጆች አባት ለሆነ ሰው ካሜራውን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስቀመጥ አይገባም ባይ ነኝ።

ስለ ሕጉ ልመልስ። በአሜሪካ ሕጉ የተሰየመው በካሜሮን ጉልብራንሰን ነው፤ በ2002 አባቱ በቤታቸው ደጃፍ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያየው የገጨውና የሞተው የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ሕጉ በ2008 ተፈረመ፤ ካሜራውን የሚያስገድደው መመሪያ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ሙሉ በሙሉ የጸናው ግን ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ነው። ይህም ከነጭነታቸው የተፈቀደላቸው ክብደት ከ10,000 ፓውንድ ያልበለጠ መኪኖችን ብቻ ይመለከታል። የእርስዎ መኪና ከጊዜው በፊት የተሠራ ነው፤ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ቢያነቡ ደግሞ ክብደቱም ከወሰኑ በላይ ሆኖ ሳያገኙት አይቀሩም። ስለዚህ ግዴታ የለብዎትም፤ መለኪያውን ግን ቢዋሱት ይጠቀማሉ። መመሪያው ከመኪናው ጀርባ 10 ጫማ ስፋትና 20 ጫማ ርዝመት ያለው ቦታ በካሜራው እንዲታይ ይጠይቃል፤ ፈተናውም የሚደረገው 32 ኢንች ቁመት ባላቸው፣ ማለትም ትንሽ ልጅን በሚያህሉ ቋሚዎች ነው። ምስሉም የኋላ ማርሽ ከገባ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መምጣት አለበት።

አሁን ወደ ግዢው። ገመድ አልባው ካሜራ ለመግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በርካሾቹ ላይ ምስሉ ሊቆራረጥ ወይም ጥቂት ሊዘገይ ይችላል፤ ወደ ኋላ እየሄዱ የዘገየ ምስል ማየት ደግሞ ያለፈ ነገር ማየት ነው። 24 ጫማ ለሆነ መኪና ገመድ ያለውን እመርጣለሁ። ገመዱ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከመኪናው ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይግዙ። ካሜራውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው ወደ ታች ያዘንብሉት፤ በምስሉ የታችኛው ጠርዝ ላይ የራስዎ ፓራውልት ካልታየ፣ ከፓራውልቱ ሥር የተቀመጠ ልጅም አይታይም። ምስሉም እንደ ስፖኪዮ ቀኝና ግራው የተገለበጠ መሆን አለበት፤ በአብዛኞቹ ላይ ይህ የሚቀየርበት ምርጫ አለ። ይህን ሳያስተካክል መሪውን በተቃራኒው የሰበረ ደንበኛ ገጥሞኛል።

ኃይሉን ከኋላ ማርሽ መብራት ብቻ ከወሰዱት ካሜራው የሚበራው ወደ ኋላ ሲሄዱ ብቻ ነው። እኔ የምመክረው ሞተር ሲነሣ ከሚበራ ፊውዝ ወስደው ሁልጊዜ እንዲሠራ ማድረግን ነው፤ የጠፋብዎትን የውስጥ ስፖኪዮ የሚተካልዎት ያኔ ነው። ነገር ግን ሰፊ ማዕዘን ያለው ካሜራ ነገሮችን አርቆ ስለሚያሳይ፣ ከኋላ የሚከተልዎትን መኪና ርቀት በእሱ አይገምቱ። የሞተርሆም ጀርባ ቀጥ ያለ ግድግዳ ስለሆነ ሲነዱ አየሩ እየተሽከረከረ አቧራውንና ጭቃውን ወደዚያው ይስባል፤ መነሻ ላይ መስታወቱን በጨርቅ መጥረግ ልማድ ይሁን።

የሚያሳስበኝ ቀዳዳው ነው። ግድግዳውን በትራፓኖ ከበሱ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን ብቻ አይለፉት። ከሥር ቡቲል ቴፕ (ውኃ የማያስገባ ተጣባቂ የጎማ ማሸጊያ) ያንጥፉ፤ ውኃ ከገባ የውስጡ እንጨት ሳይታይ ይበሰብሳል፤ ጥገናውም ከካሜራው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ከፍራንክፈርት

የእኔ ፎልክስዋገን ቲ 5 ስለሆነች የኋላ መስታወት አላት፤ ስለዚህ የምጽፈው ለጠያቂው ሳይሆን እንደ እኔ መስታወት ላላቸው አንባቢዎች ነው። ፍሬኔል የሚባል ስስ የፕላስቲክ ሌንስ በኋላ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ በውስጡ ስፖኪዮ ሲታይ ቀድሞ ከመስታወቱ ጠርዝ በታች ይቀር የነበረውን መሬት ወደ ላይ አምጥቶ ያሳያል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል ሲሆን፣ እሱ በ1820ዎቹ ያበጀው ለባሕር መብራት ማማዎች ነበር። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሌሊት ግን የተከታይ መኪና መብራት በሌንሱ ላይ ይበተንና ዓይን ያስቸግራል፤ ከኋላ ብስክሌት ከጫኑም ከንቱ ነው።

ተጓዡ ከሜሪላንድ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሁሉንም ሞከርኩ።

የብስክሌቱ ፈተና ጉዴን አወጣው። በግራ በኩል ምንም የሚሰወር ቦታ አልነበረም፤ በቀኝ በኩል ግን ልጄ ካበጠው መስታወት ከጠፋ በኋላ በበሩ መስኮት እስኪታይ ድረስ ስድስት ጫማ ያህል ተሰወረ። ለካ የቀድሞው ባለቤት መስታወቱን ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ አዙሮት ኖሯል። አስተካክዬ ደገምኩት፤ ጠፋ የምለው ቦታ አልቀረም። ጭራውንም ለካሁ፤ ከኋላ ጎማው መሃል እስከ ጫፉ 8 ጫማ ሲሆን፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ስሰብረው ጥጉ ከጠመኔው መስመር 16 ኢንች ወጣ።

በሌላ በኩል የሲያትሉ ወንድማችን እውነቱን ነው። ባለቤቴን በመኪናው ጀርባ፣ መሃል ለመሃል፣ ቀስ እያለች እንድትርቅ ነገርኳት። ሰማንያ ጫማ አልፋ እስክትሄድ ድረስ በየትኛውም ስፖኪዮ አልታየችኝም። ይህን ካየሁ በኋላ ካሜራውን አዝዣለሁ፤ ገመድ ያለውን።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ባለቤቴ ከኋላ ሆና «ና፣ ና» ስትለኝ በሞተሩ ድምፅ ምክንያት አልሰማትም፤ ስሰማትም «ወደ ቀኝ» የምትለው መሪውን ይሁን ጭራውን ሳይገባን እንጨቃጨቃለን። ሁለተኛው፣ ገመዱን ከላይ ከካሜራው እስከ ሾፌሩ ድረስ በየት ላሳልፈው?

ጭነት አመላላሹ ከኮሎምበስ

ሰማንያ ጫማውን ሳነብ ዝም አልኩ፤ ካሜራውን በማዘዝዎ ደግ አድርገዋል።

ጭቅጭቁ የእናንተ ብቻ አይደለም። አገር ቤት የአውቶቡስ ረዳት «ስበረው፣ መልሰው፣ ና ና ና፣ በቃ!» እያለ የመኪናውን አካል በመዳፉ ሲመታ ሾፌሩ ያለ ስህተት የሚገባው፣ ቃላቱ አስቀድመው የታወቁ ስለሆኑ ነው። «ስበረው» የሚባለው መሪው ነው፤ ስለ ጭራው የሚያወራ ማንም የለም። እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት አንዱን መርጣችሁ ተስማሙ። እኔና ባለቤቴ የተስማማነው እጇ የሚያመለክተው ጭራው የሚሄድበትን አቅጣጫ ብቻ እንዲሆን ነው፤ መሪውን ለእኔ ትታዋለች።

ባለቤትዎ ከመኪናው ጀርባ አትቁም። በሾፌሩ በኩል፣ ከኋላው ጥግ ፈንጠር ብላ፣ በግራ ስፖኪዮ ፊቷ እየታየዎት ትቁም። ከስፖኪዮው የጠፋች እንደሆነ ምንም ሳያመነቱ ፍሬን ይያዙ። ሁለቱ እጆቿ ሲጣመሩ «ቁም» ማለት ይሁን፤ ድምፅ አያስፈልገውም። ምርጫ ካለዎት ደግሞ ሁልጊዜ ጭራው ወደ ሾፌሩ በኩል እየዞረ የሚገባበትን ቦታ ይምረጡ፤ በዚያ በኩል በዓይንዎ ያዩታል፣ በተሳፋሪው በኩል ግን ይገምታሉ። ብቻዎን ከሆኑ፣ ካሜራ ቢኖርም፣ ወርደው አንድ ጊዜ ዞረው ይዩ፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ታች ባዘነበለ ካሜራ አይታይም።

ኤሌክትሪሺያኑ ከሲያትል

ስለ ገመዱ፦ በኋላው ግድግዳ አናት ላይ፣ መሃል ላይ ተደርድረው ሦስት ቀያይ መብራቶች አሉ፤ ሰፋፊ መኪኖች ሁሉ እንዲኖራቸው የሚገደዱባቸው ናቸው። የመካከለኛውን ሽፋን ፈትተው ይዩ፤ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ ስላለ አዲስ መብሳት ላያስፈልግዎት ይችላል። ኃይሉን ግን ከዚያ መብራት አይውሰዱ፤ የመኪናው መብራት ሲጠፋ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ገመዱን በጣሪያው ውስጥ ለመግፋት አይድከሙ። በኋላው ጥግ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ወደ ወለሉ ያውርዱት፣ ከሥር በሻንሲው በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው ወደ ፊት ይውሰዱት፣ በየአንድ ጫማው ይሰሩት፤ ከማርሚታው በሌላኛው ወገን ይሂድ፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ወለሉ ላይ የበሱትንም ቀዳዳ እንደ ላይኛው በቡቲል ይድፈኑት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ካሜራውን በብሎን ከማሰርዎ በፊት በፕላስተር ብቻ ለጥፈው ከስክሪኑ ጋር ያገናኙት። ባለቤትዎ 32 ኢንች የሆነ ካርቶን ይዘው በ10 በ20 ጫማው ቦታ ውስጥ በየጥጉ ያቁሙት፤ ፓራውልቱም ካርቶኑም በሁሉም ቦታ ከታየዎት ብቻ ምልክት ያድርጉና ብሎኑን ይሰሩ።